ሃርድ ዲስክ ሲታመም፦ ከጥገናው በፊት ቅጂው



ከጥቂት ወራት በፊት፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በሥራ ክፍላችን መብራት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ መጣ። በዚያ ሰዓት ከካሜራ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቪዲዮ እየገለበጥን ነበር። ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ነው፤ ዩፒኤስ የለውም። ዲስኩ ደግሞ 1 ቴራባይት ሲሆን የስድስት ዓመት ሥራችን በሙሉ ያለው በእርሱ ላይ ነው። ሙሐደራዎች፣ ቃለ መጠይቆች፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም የተነሱ የዒድ ሶላት ፎቶዎች፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አባቶቻችንን ድምፅ የያዙ ቀረጻዎች። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ለሦስተኛ ጊዜ መብራት ሲመጣ ፎልደሩ አልከፈት አለ፤ ዊንዶውስም ፋይሉ እንደተበላሸና ሊነበብ እንደማይችል ገለጸልን።

እኛም ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግን። አንድ ወዳጃችን ጋር ደወልን፤ «ቼክ ዲስክ አድርጉት፣ ያስተካክለዋል» አለን። ረጅሙን ጥገና አስጀምረን ቢሮውን ቆልፈን ሄድን። ጠዋት ስንመለስ ሥራው 11 በመቶ ላይ ቆሟል፤ ዲስኩም ቀጭ... ቀጭ... የሚል ድምፅ ያሰማል።

ይዘነው ወደ ፒያሳ ወጣን። ፒያሳን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው በማህሙድ ሙዚቃ ቤት ዙሪያና ከዚያም ወደ ቸርችል ጎዳና ራስጌ ባለው አካባቢ ወርቅ ቤቱ፣ ሰዓት ሠሪውና ፎቶ ቤቱ ተጎራብተው የኖሩ ናቸው። ከጊዜ በኋላ በየፎቁ ኮሪደርና በየደረጃው ሥር ኮምፒውተርና ሞባይል የሚጠግኑ ወጣቶችም ተቀላቀሏቸው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የአካባቢው ብዙ ክፍል ሲፈርስ ከሱቆቹ የተበተኑት ጥቂት አይደሉም። ያም ሆኖ እኛ የምንፈልገውን ዓይነት ባለሙያ አላጣንም። ወጣቱ ዲስኩን ከኮምፒውተር ጋር ከማገናኘቱ በፊት ጆሮው ጋ አስጠግቶ አንድ ነገር ጠየቀን፦ «ቼክ ዲስክ ከማድረጋችሁ በፊት ኮፒ አውጥታችኋል?»

እርስ በርሳችን ተያየን።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያ ጥያቄ ለሌላ ሰው ዘግይቶ እንዳይደርስ ነው። የሃርድ ዲስክን ስህተት መፈተሽና ማስተካከል ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው። ከባዱ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው ደግሞ የሚጠግን እየመሰለው ያጠፋል።

መዝገቡና መደርደሪያው

በአንድ የወረዳ መዝገብ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። በሩ አጠገብ ትልቅ መዝገብ አለ፤ የእገሌ ፋይል በዚህ መደርደሪያ፣ በዚህ ረድፍ ይገኛል ይላል። ከኋላ ደግሞ ፋይሎቹ የተደረደሩባቸው መደርደሪያዎች አሉ። ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው። አንደኛው ወገን ፋይል ሲስተም የሚባለው መዝገብ ነው። ሌላው ወገን መረጃው ራሱ የተጻፈበት የዲስኩ ገጽ ነው። ገጹ ሴክተር በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ እያንዳንዱ ሴክተር 4096 ባይት ሲሆን ወደ 244 ሚሊዮን ሴክተሮች ይኖሩታል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሕመም አለ። አንደኛው የመዝገቡ ስህተት ነው፤ ፋይሉ በቦታው አለ፣ መዝገቡ ግን የተሳሳተ ቦታ ይናገራል ወይም ስሙን ጨርሶ አያውቀውም። መብራት በመሃል ሲጠፋ፣ ኤክስተርናሉ እየሠራ ሳለ ሲነቀል የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ጸሐፊው መዝገቡ ላይ እየጻፈ ሳለ ብዕሩን እንደመንጠቅ ቁጠሩት። ሁለተኛው ሕመም የመደርደሪያው ነው፤ ገጹ ራሱ ተጎድቶ ሴክተሩ አልነበብ ይላል። ይህ የሚመጣው ከእርጅና፣ ከመውደቅ፣ ከሙቀት ነው።

ሁለቱ ሕመሞች ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ፎልደር ሲከፈት ይቆማል፣ ፋይሉ አልተገኘም ይላል። መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ቼክ ዲስክ በዋናነት የመዝገቡ ሐኪም ነው። ሥራው መዝገቡ ከራሱ ጋር እንዲስማማ ማድረግ እንጂ የእናንተን ፎቶ ማዳን አይደለም! ሁለት ፋይሎች አንድ ቦታ ይገባናል ብለው ከተጋጩ ያስታርቃቸዋል፤ በማስታረቁ አንዱ ሊጎዳ ይችላል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቁራጭ ካገኘ ወደ አንድ ዕቃ ማስቀመጫ ይጥለዋል። ሊታረቅ ያልቻለውን የመዝገብ መስመር ይሰርዘዋል። ለዲስኩ ጤና ይህ ትክክል ነው። ያ የተሰረዘው መስመር የሠርጋችሁ ቪዲዮ ከሆነ ግን ጥገናው የተሳካ ነው ቢባል ምን ይጠቅማችኋል?

ገጹ ለተጎዳ ዲስክ ደግሞ ረጅሙ ጥገና ራሱ ሸክም ነው። ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ያነብባል፤ ያልተነበበውንም ደጋግሞ ይሞክራል። ለምን እንደሚከብደው ለመረዳት ውስጡን ማሰብ ይበቃል። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሳህን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው። የሚያነበው ራስ ከሳህኑ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ራሱ የተጎዳ ወይም ሳህኑን መቧጨር የጀመረ ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ቢያድር የቀረውንም ይፍቃል። የእኛ ዲስክ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። የፒያሳ ሰዓት ሠሪ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሰዓቱን ክዳን ከፍቶ ሲሠራ አይተናል፤ እጁ ይባረክ። ሃርድ ዲስክ ግን እንደዚያ ተከፍቶ የሚታይ ዕቃ አይደለም። በተራ ክፍል አየር ውስጥ ያለ አቧራ ለዚያ ራስ ድንጋይ ማለት ነው። «ከፍቼ ላየው» የሚላችሁ ሰው የተለየ ንጹሕ ክፍል ከሌለው ዕቃችሁን ተቀበሉትና ሂዱ።

መጀመሪያ ጤናውን መጠየቅ

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ የሚቧጭር ወይም ተነሥቶ የሚወድቅ ድምፅ ካለው ምንም ዓይነት ፍተሻ አታስጀምሩ። አጥፉት፤ ንቀሉት፤ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። የበራበት እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠርበታል።

ድምፅ ከሌለው ዲስኩ ራሱ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ ማየት ይቻላል። ስማርት ይባላል፤ ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት፣ ሙቀቱንና ያበላሻቸውን ሴክተሮች ቁጥር ይይዛል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን አውጥቶ ያሳያል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ቀይ ከሆነ ጊዜ የለም ማለት ነው። ከቀለሙ ባሻገር ሦስት መስመሮችን ተመልከቱ። ቁጥር 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይናገራል። ሲ5 አልነበብ ብለው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሲ6 ደግሞ ሊታረሙ ያልቻሉትን። በእነዚህ ላይ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ካለ፣ በተለይ ዛሬና ነገ ሲታይ የሚጨምር ከሆነ፣ ሕመሙ የመደርደሪያው ነው፤ ቼክ ዲስክ አያድነውም። ሲ7 ብቻውን ከጨመረ ግን አትደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ኬብሉን ለውጡና እዩት። በርካሽ ኬብል ምክንያት ደህና ዲስክ የጣለ ሰው እናውቃለን።

አንዳንድ የኤክስተርናል ማቀፊያዎች ይህን መረጃ አያሳልፉም። ያን ጊዜ ዲስኩን ከማቀፊያው አውጥቶ በቀጥታ ከዴስክቶፕ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ፒያሳ ላይ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከዚያ መቅዳት

ዲስኩ ገና የሚከፈት ከሆነ ሌላ ጤነኛ ዲስክ አምጥታችሁ ቅዱ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጣችሁ አትጎትቱ፤ አንድ የተበላሸ ፋይል ሲያጋጥም ሥራው በሙሉ ይቆምባችኋል። በመጀመሪያ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኘውን ቅዱ፦ የቤተሰብ ፎቶ፣ የራሳችሁ ቀረጻ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የመድረሳው የተማሪዎች ዝርዝር። ፊልምና ፕሮግራም መጨረሻ ይምጣ፤ እነርሱ እንደገና ይገኛሉ። «ቁረጥ» የሚለውን ሳይሆን «ቅዳ» የሚለውን ተጠቀሙ። ወደዚያው ወደታመመው ዲስክ ምንም ነገር አትጻፉ፤ የማዳኛ ፕሮግራምም ቢሆን እዚያ አይጫን።

ዊንዶውስ «ይህን ዲስክ ከመጠቀማችሁ በፊት ፎርማት ማድረግ አለባችሁ» ብሎ ቢጠይቅስ? እምቢ በሉ። ይህ መልእክት መዝገቡ አልነበበም ማለት እንጂ ዕቃው ጠፍቷል ማለት አይደለም። «እሺ» ብሎ የተጫነ ሰው ግን በአሮጌው መዝገብ ላይ አዲስ ባዶ መዝገብ ይዘረጋል።

የማይነበቡ ሴክተሮች ላሉበት ዲስክ ባለሙያዎች በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ዲዲ ሬስኪው የሚባል ነጻ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ብልሃቱ በቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ያወጣል፤ ያስቸገረውን ምልክት አድርጎበት ያልፋል፤ ደህናው ከወጣ በኋላ ብቻ ወደ አስቸጋሪው ይመለሳል። በመሃል መብራት ቢጠፋ የት እንደደረሰ መዝግቧልና ከዚያው ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ጥገናው የሚደረገው በቅጂው ላይ ነው፤ ቢበላሽም ዋናው አለ።

አሁን ቼክ ዲስክ

ቅጂው ከተያዘና ስማርቱ ደህና ከሆነ ስህተቱ የመዝገቡ ነው፤ ቼክ ዲስክም ቦታው እዚህ ነው። ቀላሉ መንገድ ዲስኩን በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ቼክ» ማለት ነው። ሌላው መንገድ በትእዛዝ ነው። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚለውን ፈልጋችሁ በአድሚኒስትሬተርነት ክፈቱ። ከዚያ ሲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኬ የሚሉትን ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዛችሁ ጻፉ፤ ክፍተት ትታችሁ የዲስኩን ፊደል ከሁለት ነጥብ ጋር አስከትሉ።

በዚህ ብቻ ብትጀምሩት አይቶ ይነግራችኋል እንጂ ምንም አይነካም። በዚህ መጀመር ጥሩ ነው። ሥራ ላይ ያለ ዲስክ ሲፈተሽ የሌለ ስህተት ሊያወራ ስለሚችል ግን ፕሮግራሞችን ዝጉ። ስህተት ካገኘ ክፍተት ትታችሁ ስላሽና ኤፍ ጨምሩበት፤ ያን ጊዜ መዝገቡን ያስተካክላል። ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ከሆነ የምታስተካክሉት «አሁን ሥራ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ሲነሣ ላድርገው?» ይላል፤ የዋይን ፊደል ተጭናችሁ ሪስታርት አድርጉ። በኤፍ ምትክ አር ከጻፋችሁ የኤፍን ሥራ ሠርቶ በላዩ እያንዳንዱን ሴክተር ያነብባል። ረጅሙ ጥገና የምንለው ይህ ነው። ጤነኛ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢያነብ እንኳ 1 ቴራባይት ለማዳረስ ወደ 3 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያረጀው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል። በመሃል የመቶኛው ቁጥር ቢቆም አትቸኩሉ፤ አንድ ክፉ ሴክተር ላይ እየታገለ ይሆናል። ዋናው ነገር መብራት በመሃል እንዳይጠፋ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቻርጀሩ ይሰካ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱ። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ቀን ጥገና አይጀመርም! ስታብላይዘር ብቻውን አይበቃም፤ እርሱ የኤሌክትሪኩን መውጣትና መውረድ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆይም።

ሲያበቃ የተጻፈውን አንብቡ። የመጥፎ ሴክተሮች መጠን ዜሮ ኪሎባይት ከሆነ ሕመሙ የመዝገቡ ብቻ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ቁጥር ካለው ዲስኩ ለዋና ሥራ አይታመንም። የጠፋ ፋይል ካለ ደግሞ «ፋውንድ ነጥብ 000» የሚባል የተደበቀ ፎልደር ፈልጉ፤ ያ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ውስጡ ያሉት ቁርጥራጮች ስማቸው ጠፍቶ በሲ፣ ኤች፣ ኬ ይጨርሳሉ። ፎቶ ወይም ቪዲዮ ሊሆን ይችላል ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ኮፒ አድርጋችሁ የስሙን መጨረሻ ወደ ፎቶ ወይም ወደ ቪዲዮ ዓይነት ብትለውጡት የሚከፈት ይኖራል።

ፍላሽና የካሜራ ሜሞሪ ካርድ ላይም ይኸው ትእዛዝ ይሠራል። እነርሱ ብዙውን ጊዜ ፋት 32 ወይም ኤክስ ፋት የሚባለውን የመዝገብ አያያዝ ይጠቀማሉ። የዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ የሚሠራውን አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚይዝ መብራት ቢጠፋ ከማስታወሻው ይታረማል፤ እነዚህ ግን ያን ማስታወሻ አይዙም፤ ስለዚህ በግድ ሲነቀሉ ቶሎ ይበላሻሉ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ድምፅ ሳያሰማ በድንገት ሊሞት ይችላልና ለእርሱ ምልክት መጠበቅ አይሠራም።

ለጥገና ስትሰጡ

ዲስክ ለጥገና መስጠት የቤትን ቁልፍ እንደመስጠት ነው። የእናቶቻችንና የእህቶቻችን ፎቶ፣ የደንበኞቻችን ሒሳብ፣ የሰው ምሥጢር በውስጡ አለ። አማናውን የሚጠብቅ ባለሙያ ብዙ ነው፤ የማይጠብቅም አይጠፋም። ስለዚህ ከተቻለ ሥራው በፊታችሁ ይሠራ፤ የዲስኩን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሡ፤ ባለሙያው ለራሱ ያወጣው ጊዜያዊ ቅጂ ካለ ስትረከቡ እያያችሁ ይጥፋ። ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ መረጃው ካልወጣ የሚከፈል ነገር መኖር አለመኖሩን ጨምሮ።

ቅጂው ከዋናው ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠም ቅጂ አለን ማለት ይከብዳል። ጥር 2007 ዓ.ም. እዚያው ፒያሳ የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አሳቱ ምን ያህል ዕቃ በአንድ ቀን እንደወሰደ የሰፈሩ ሰው ያስታውሳል። በ2016ቱ የፒያሳ ፈረሳም ስንት ኮምፒውተር በፒክአፕ ላይ ከፍራሽና ከወንበር ጋር ተጭኖ እንደሄደ በዓይናችን አይተናል። አንዱ ቅጂ ቤት ከሆነ ሌላው ሱቅ፣ ወይም ዘመድ ቤት ይሁን።

የእኛስ ዲስክ? ወጣቱ ባለሙያ ሦስት ቀን ፈጀበት። በየሁለት ሰዓቱ እያጠፋ፣ እያሳረፈ፣ እንደገና እያስነሣ ቀዳው። ከስድስቱ ዓመት የአምስቱ ሥራ ከሞላ ጎደል ወጣ። የመጨረሻው ዓመት ግን ሳህኑ በተፋቀበት ቦታ ላይ ነበርና ከአርባ በላይ ቀረጻዎች አልተገኙም። ከእነርሱ ውስጥ የሁለቱን ድምፅ አንዲት እህት በስልኳ ቀድታ አስቀምጣ ስለነበር ላከችልን። ሌሎቹን እየፈለግን ነው፤ ከዚህ ቀደም ያወጣናቸውን ሙሐደራዎች በስልካችሁ ያስቀራችሁ ካላችሁ በተለመደው አድራሻችን ብትልኩልን ኢንሻአላህ በሁለት ዲስክ፣ በሁለት ቤት እናስቀምጣቸዋለን።